ጽጌረዳዋና ከቅጠሏ ሥር የሰፈሩት እንግዶች

ልጆች፣ ነቅታችኋል? «ነቅተናል!» በሉኛ! ጎሽ። ያንቀላፋ ካለ አጠገቡ ያለው ይቆንጥጠው፤ እኔ ተረቴን ሁለት ጊዜ አልናገርም።

በድሮ ዘመን፣ አበባም ዕቃም አፍ በነበረው ጊዜ፣ ወይዘሮ ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። ትብለጥ በአሮጌ የዘይት ጣሳ የተከለቻት አንዲት ጽጌረዳ በመስኮቷ ላይ ነበረቻት። ጽጌረዳዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቡጥ ይዛለች፤ ያውም ሁለት! ደስታዋን አልቻለችውም። ጣሳውን እንቅልፍ ነሳችው።

«እባክሽ ተኚ» ይላታል ጣሳው።

«እንዴት ልተኛ? ላብብ ነው እኮ! ላብብ ነው!»

አንድ ቀን ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘርፌ መጣች። ዘርፌ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ያየችውንም ሳትናገር አታልፍም። «ኧረ ትብለጥ! ይቺ እንዴት ያለች ቆንጆ ናት!» አለች። አለችና እንትፍ እንትፍ ሳትል ወጥታ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የጽጌረዳዋን ቅጠሎች ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ወረሷቸው። ትብለጥ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ዘርፌ በዓይኗ በላችብኝ!»

የምን ዓይን! ከቅጠሎቹ ሥር ነቁጤ የምትባል ቀይ ተባይ ከነዘመዶቿ ሰፍራ ነበር። ነቁጤ ሸረሪት ትመስላለች፤ ድርም ታደራለች። መጠኗ ግን የጤፍ ፍሬ አጠገቧ ብትቆም ዝሆን ታክላለች። ሙቀት ትወዳለች፣ ድርቀት ትወዳለች፣ አቧራ ትወዳለች። የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠች፣ «አይዞሽ እመቤቴ፣ እንግዶችሽ ነን፤ ጥቂት ቀምሰን እንሄዳለን» ትላለች። ውሸታም!

ትብለጥ መጀመሪያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ነጠላዋን አምጥታ ጽጌረዳዋን ሸፈነቻት፤ ጣሳውንም ከመስኮቱ አንሥታ ምድጃው አጠገብ ወሸቀችው። «ማንም እንዳያያት!» ብላ ነጠላዪቱን አስጠነቀቀቻት። ቅጠል መጥረግ ቀረ፤ ውኃ ማርከፍከፍም ቀረ። ከነጠላ በታች ሞቀ፣ ደረቀ፣ ታፈነ። ነቁጤ እልልታዋን አቀለጠችው! «ልጆቼ፣ ዳስ ተጣለልን! ብሉ! ጠጡ!»

ከዚያስ? ትብለጥ ገለጥ አድርጋ ብታይ ድሩ ከቅጠል ቅጠል ተዘርግቷል። «ዓይን ያረፈባትን ሸረሪትም ደፈራት!» ብላ የተባይ መድኃኒት መርጫውን አነሣች። መርጫው ደረቱን ነፋ።

«ለእኔ ተዉት! አንዴ ፊስ ካልኩ ወሬያቸውም አይሰማ!»

«ጌታው መርጫ፣ እምቡጦቼን አደራ፤ ገና ለስላሳ ናቸው» አለች ጽጌረዳዋ።

«እኔ መርጨት እንጂ ጎንበስ ብሎ ማየት አልለመድኩም!»

ፊስ! ከላይ ከላይ ረጨው። ነቁጤ ከታች ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንደኛው እምቡጥ ግን ጠቆረ፤ ጠውልጎም ጣሳው ላይ ወደቀ። ጽጌረዳዋ አለቀሰች። «አንድ ብቻ ቀረኝ» አለች።

ሦስተኛው ጊዜ ነው እንግዲህ ዋናው! «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ዘርፌ ናት! ትብለጥ ተንደርድራ ጽጌረዳዋን በነጠላዪቱ ጥቅልል አደረገቻት።

«እትዬ ነጠላ፣ ግለጪኝ!» አለች ጽጌረዳዋ።

«አላደርገውም። ከዓይን እንድከልልሽ ታዝዣለሁ።»

«የሚበላኝ ከውጭ አይደለም፤ እዚሁ ከአንቺ ሥር ነው!»

«ዝም በይ፤ ሴትየዋ ትሰማለች።»

«ትስማ! አንድ እምቡጥ ነው የቀረኝ፤ እሱም ከሄደ ሳላብብ መሞቴ ነው!»

ነጠላዪቱ ወደ ውስጧ ዳበስ ብታደርግ የነቁጤ ድር ጥለቷ ላይ ተጣብቋል። ክው አለች። «ለካ እኔ ስጠብቅ የከረምኩት ሌባውን ኖሯል!» አለችና ሸርተት ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ዘርፌም አየች! «ውይ! ምነው ትብለጥ፣ ይቺ ምን ሆነች?» ትብለጥ እጇን ዘርግታ ልትከልል ስትል ዘርፌ ቀድማ አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። «ነይ እዪ ከሥሩ! ሲርመሰመስ አይታይሽም?»

ትብለጥ ጎንበስ ብላ አየች። በኀፍረት ላብ አጠመቃት።

«እኔ እኮ...»

«አንቺ እኮ ምን?»

«ምንም። ምን ላድርግ ዘርፍዬ?»

«ይኼን መርጫ ወዲያ በይልኝ! በአበባ ሰዓት ይኼ ይረጫል? ቀጠን ያለ የሳሙና ውኃና እራፊ ጨርቅ አምጪ። ቅጠሉን ከሥሩ እንጠርጋለን። እምቡጡን ግን እንዳትነኪው!»

እራፊው ጨርቅ ከወለል ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ የሳሙና ውኃ ጠጥቶ መጣ። ቅጠሉ ሥር ብቅ ሲል ነቁጤ ደነገጠች።

«ማነህ አንተ?»

«ጎንበስ ማለት የለመድኩ ነኝ!» አለና እሷንም ዘመዶቿንም ጠራርጎ ወሰዳቸው።

ቅጠሎቹን በንጹሕ ውኃ አለቀለቁ፤ ጣሳውን ከምድጃው አርቀው መስኮቱ ላይ መለሱት። ነቁጤ እንቁላል ደብቃ ነበርና ሲፈለፈል ደግመው ጠረጉ። አሁንም ሲፈለፈል አሁንም ጠረጉ። ዘርፌ በየጊዜው እየመጣች ትገለብጣለች፣ ትብለጥ ትጠርጋለች። በመጨረሻ ከሥርም ከላይም ንጹሕ ሆነ።

ከዚያ በአንድ ማለዳ ፈነዳች! ልጆች፣ ፈነዳች እኮ ነው የምላችሁ! ቀይ፣ ደማቅ፣ ቤቱን ያወደች አበባ! ጣሳው ጮኸ፣ ነጠላዪቱ ዘለለች፣ ጽጌረዳዋ «አበብኩ! አበብኩ!» እያለች ሳቀች፣ አለቀሰችም። ትብለጥስ? ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ጫማ ሳታደርግ ወደ አጥሩ በረረች።

«ዘርፌ! ዘርፍዬ! ቶሎ ነይ እዪልኝ!»

ልጆቼ፣ የታመመባችሁን ነገር አትሸፍኑት። የሸፈናችሁት እንደሆነ የምትመግቡት በሽታውን ነው። ደግሞም ጎረቤታችሁን በዓይኗ ከመጠርጠራችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ። ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ፤ በሉ ተነሡ፣ የቤታችሁን አበባ ከሥሩ እዩት!