የኢንጂነር ላቀው ወንበርና የጠፋው ቤዝ

ትልቅ ሰው ሲሳሳት እንዴት ተብሎ ነው የሚነገረው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሲሳሳቱ አይቼ እጄን እስከ ግማሽ አነሣሁና ፀጉሬን አክኬ መለስኩት። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተማርኩ። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ስንት እንደሚጓዝ የሚናገር መጽሐፍ ሞልቷል። አንዲት እውነት ከአንዲት ዓይን አፋር ልጅ አፍ ወጥታ ትልቅ ሰው ጆሮ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባት የሚናገር ግን አላገኘሁም። መልሱን ያገኘሁት እዚሁ የምኖርበት አጎቴ ቤት፣ ስፒከር ሊያስተካክል ከመጣ ሰው ነው።

አጎቴ ኢንጂነር ላቀው ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የማያውቁት ነገር የለም፤ ታመው ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ለሐኪሙ መድኃኒት አዘውለት የሚመለሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አያት ሰፈር ካለው ቤታቸው ምድር ቤቱን ፊልም ማያ አደረጉት። ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አሰቀሉ፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ቁመታም ዋና ስፒከሮች አቆሙ፣ ከሥሩ ደግሞ የጤፍ ማዳበሪያ የሚያካክሉ ሁለት ሰብውፈሮች አስቀመጡ። ቤዙ፣ ያ ደረት የሚመታው ወፍራም ድምፅ፣ ከእነዚህ ነው የሚወጣው።

መሃል ላይ ወንበራቸው አለ። ሜትር ዘርግተው የክፍሉን ርዝመት ለሁለት፣ ስፋቱንም ለሁለት ከፍለው፣ ነጥቡ ላይ ሚስማር መትተው ነው ያስቀመጡት። «ሰው በቤቱ መሃል ይቀመጣል» ይላሉ። እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ሌሎቻችን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ሶፋ ላይ ነን። እሳቸው ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ «በእግዜር!» ብለው መሃል ላይ ይሰየማሉ፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ችግሩ ቤዙ ነበር። ፊልሙ ላይ ሕንፃ ሲደረመስ ሶፋው ላይ ያሉት እንግዶች ደረታቸውን ይይዛሉ። እሳቸው ግን ዞር ብለው «ይሄ ዕቃ ሞቷል እኮ! ምንም የለውም!» ይላሉ፤ ከዚያ ይጨምሩታል። ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ የኔ መኝታ ክፍል ግድግዳ ነው። አጎቴ ቤዙን በጨመሩ ቁጥር መዝገበ ቃላቴ ከመደርደሪያው ጫፍ ድረስ በእግሩ ይመጣል።

ሦስት ባለሙያዎች ተራ በተራ መጡ። ሦስቱም ለኩ፣ አስተካከሉ፣ ሄዱ። አጎቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡና በመጨረሻ ፍርድ ሰጡ።

«ክፍሉ ጠቧል። ቤዝ አየር ይፈልጋል። የኋላው ግድግዳ ይፍረስ።»

የኋላው ግድግዳ ይፍረስ ማለት የኔ ክፍል የለም ማለት ነው። መጻሕፍቴና እኔ ወደ በርበሬ ማስቀመጫው እንድንዛወር ተወሰነ። የአጎቴ ሚስት እትዬ አስካለ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

«አይዞሽ ትርስዬ፤ በርበሬ ጥሩ ነው። ስታነቢ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

ጉዱ ግን እኔ ችግሩን ማወቄ ነበር። ከዓመት በፊት ሁለቱም ለቅሶ ሄደው ቤቱ ባዶ በሆነበት ቀን አቧራ ላራግፍ ወረድኩ፤ ፊልም ከፈትኩ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ቤዙ ጠፋ። ተነሥቼ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስሄድ መጣ። ተመልሼ ስቀመጥ እንደገና ጠፋ። በመጽሐፍ የማውቀውን ነገር በጆሮዬ ሰማሁት፤ ጥፋቱ የወንበሩ ቦታ ነው። ይህን ለመናገር ግን ወንበሩ ላይ መቀመጤን መናገር አለብኝ። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግንበኛው አቶ ደባሱ ጠመኔና ሜትር ይዘው ግድግዳውን ሊለኩ መጡ። እትዬ አስካለ ደግሞ በልባቸው ሳያዝኑልኝ አልቀሩም፤ ለአጎቴ ሳይነግሩ አራተኛ ባለሙያ ጠርተው ኖሯል። ስንሻው ይባላል። የሠርግ አዳራሽ ስፒከር ሲያስተካክል ስለኖረ ሰዉ «ስንሻው ጆሮ» ይለዋል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ልትነግረኝ ነው?» አሉት አጎቴ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ።

«እኔማ ምን አውቃለሁ ኢንጂነር። ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ከቦርሳው ላፕቶፕና እንደ እርሳስ የቀጠነች ማይክ ከነማቆሚያዋ አወጣ።

«ማይኳን የት ላቁማት?»

«እዚያ» ብለው በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ሶፋው አመለከቱ።

«ፊልም የሚያዩት እዚያ ተቀምጠው ነው?»

«እኔ? በር ሥር?»

«ታዲያ ከኔ በፊት የመጡት ሰዎች የት አቁመው ለኩ?»

«ሶፋው ላይ ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ። «እዚህማ ማን ደፍሮ!»

ስንሻው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አይፍረዱባቸው። በደንብ አስተካክለዋል። ለእንግዳ።»

አቶ ደባሱ ሳቃቸው አመለጣቸውና ወደ ሳል ለወጡት።

«ኢንጂነር፣» አለ ስንሻው፣ «እርስዎ መንገድ ሊሠሩ ሲነሡ አፈሩን የሚመረምሩት መንገዱ በሚያልፍበት ነው ወይስ ጎረቤት ወረዳ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! በሚያልፍበት ነዋ!»

«በሉ እኔም ጆሮዎ ያለበት ልለካ።»

አጎቴ የወንበራቸውን መደገፊያ ያዙ። «ለካ። ግን አልነሣም።»

ማይኳን ጆሯቸው አጠገብ አቆማት። እትዬ አስካለ ወደኔ ጠጋ ብለው «ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጡ ነው እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ስንሻው መጀመሪያ ዋናዎቹን ስፒከሮች፣ ቀጥሎ ሰብውፈሮቹን አስጮኸ። ድምፁ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ከታች እያጓራ ጀምሮ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ የትራፊክ ፊሽካ ሆኖ አለቀ። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ተሣለ። ስንሻው ላፕቶፑን ወደ አጎቴ አዞረው።

«ይህ መስመር መንገድ ቢሆን እዚህ ጋ ያለውን ምን ይሉት ነበር?»

«ገደል!» አሉ አጎቴ፤ ሙያቸው ነውና ዓይናቸው በራ። «ምን ትጠብቃለህ? ሙሌት ነው የሚያስፈልገው። ሙላው!»

ስንሻው ኢኩላይዘሩን፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ከፍቶ ገደሉ ያለበትን ድምፅ ጨመረና እንደገና ለካ። ፎቅ ላይ ሳህኖች ተንጫጩ። ገደሉ እዚያው ነው።

«ጨምር!»

ጨመረ። አቶ ደባሱ ሊያፈርሱት የመጡትን ግድግዳ ደግፈው ያዙት። ገደሉ ንቅንቅ አላለም። ስንሻው ማይኳን አንሥቶ ሶፋው ጋ አቆመና ለካ። እዚያ መስመሩ ተራራ ሆኗል።

«አዩት ኢንጂነር? የሞላነው አፈር ሁሉ ተንሸራቶ እንግዶቹ ላይ ተከመረ።»

«ለምን?»

«ከፊት የሚመጣው ድምፅና የኋላውን ግድግዳ መትቶ የሚመለሰው ልክ እርስዎ ጋ ይገናኙና ይጠፋፋሉ። የሚመጣውን ስንጨምር የሚመለሰውም እኩል ይጨምራል። የክፍሉ ልክ መሃል ለዚህ ድምፅ ጉድጓድ ነው።»

«ታዲያ ልክ መሃል መሆኔ ነው ጥፋቱ?»

«ሚስማሩን ሲመቱ አንድ ሁለት እርምጃ ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ ሲሰሙ ይኖሩ ነበር።»

አጎቴ በሕይወታቸው እንዲህ ተወቅሰው አያውቁም። ልክ በመሆናቸው!

«ማሽን ይዋሻል» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። «ሰው አምጣ! እዚህ ተቀምጦ ቤዝ የለም የሚል፣ ከኔ ሌላ አንድ ምስክር አምጣ!»

ስንሻው አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም። ልቤ እንደ ሰብውፈሩ ይመታ ጀመር። የዓመት ቃሌ ምላሴ ላይ መጣ። አፌን ከፈትኩ።

«ውሃ ላምጣልዎ?» አልኩት።

«አምጪልኝ እህቴ» አለኝ በትሕትና።

ውሃውን ይዤ ስመለስ አጎቴ «ደባሱ! ምልክት አድርግ! ሰኞ ይጀመር!» ሲሉ ደረስኩ። አቶ ደባሱም ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትልቅ ኤክስ ሣሉ። ከጀርባው መደርደሪያዬ እንዳለ አውቃለሁ፤ የኤክሱ እግር መዝገበ ቃላቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ስንሻው ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣና ወደ ግንበኛው ዞረ።

«አቶ ደባሱ፣ ይህን ግድግዳ ለማንሣት ስንት ሰው ይበቃል?»

«ሦስት።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ፍርስራሹን አውጥተን፣ ለስነን፣ ቀለም ቀብተን… ሁለት ሳምንት።»

ስንሻው ብርጭቆውን መለሰልኝና ለአጎቴ እጅ ነሣ።

«እንግዲህ ኢንጂነር፣ ግድግዳውን ለማንሣት ሦስት ሰው ሁለት ሳምንት መሥራት አለበት። ወንበሩን ለማንሣት ግን አንድ ሰው ለአንድ አፍታ ብድግ ቢል ይበቃል።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማነው እሱ አንድ ሰው?» አሉ አጎቴ፣ ቃሉን እያኘኩ።

ስንሻው ክፍሉን በዓይኑ ዞረው፤ እትዬ አስካለን፣ አቶ ደባሱን፣ እኔን፣ ራሱንም።

«እኛማ ቆመናል፣ ኢንጂነር።»

አጎቴ ተነሡ። እትዬ አስካለ ግራ ገብቷቸው «ኖር!» ሊሉ ጀምረው ዋጡት። ስንሻውና አቶ ደባሱ ወንበሩን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡት፤ አጎቴ ተቀመጡ፤ ማይኳ ተመልሳ ጆሯቸው አጠገብ ቆመች። ስንሻው ለካ፤ ገደሉ ተሞልቷል። በሌላ በኩል አንድ ጉብታ ብቅ ብሎ ነበር። ስንሻው ቀነሰው። «ጉብታ መቁረጥ ቀላል ነው» አለ። ከዚያ የሰብውፈሮቹንና የዋናዎቹን ስፒከሮች ድምፅ አንድ ላይ እንዲደርስ አገጣጥሞ ሕንፃው የሚደረመስበትን ፊልም ከፈተ።

የአጎቴ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አለ» አሉ ቀስ ብለው። «አለ እኮ! ቤዙ አለ!»

ሕንፃውን ሦስት ጊዜ አስደረመሱት። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «እኔ ድሮም ይሄ ግድግዳ ጥፋት የለበትም ብዬ ነበር» አሉ። ከአቶ ደባሱ መዶሻ ተቀብለው የድሮውን ሚስማር ነቀሉ፤ ሜትር ዘርግተው አዲሱን ራሳቸው መቱት።

ክፍሌ ተረፈ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ዝም እል ነበር። እሑድ ግን እንግዶች መጡና አጎቴ አዲሱ ቦታቸው ላይ ተሰይመው ማውራት ጀመሩ።

«ባለሙያ ተብዬው ግድግዳ ካልፈረሰ ብሎ ድርቅ አለ እኮ! እኔ ነኝ፣ ‹ተው ልጄ፣ ወንበሩን ሳብ ማድረግ ይበቃል› ያልኩት።»

«ጉድ ነው!» አሉ አንድ እንግዳ። «ማን ይባላል? እኛ ቤት እንዳይመጣ።»

«ስንሻው» አሉ አጎቴ።

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንደኛው ተናጋሪው ናቸው።

ስንሻው ፊት ለፊት፣ በሰው መሃል ጠይቆ አስነሣቸው። እኔ ያንን አልችልም፤ አፌን ብከፍት ዳግመኛ ውሃ ማቅረቤ ነው። መጻፍ ግን እችላለሁ። ስለዚህ ወሰንኩ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፦ «ጋሼ፣ ለቅሶ የሄዳችሁ ቀን ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቤዝ አልነበረም። የጠየቁት ምስክር እኔ ነኝ። ወንበሩ ይነሣ ያለው ስንሻው ነው፤ ለእንግዳዎ ይንገሩልኝ።» ስሜን ከነአባቴ ጽፌበታለሁ። የፊታችን እሑድ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ ወንበራቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እዚያ ከእሳቸው በቀር የሚቀመጥ ስለሌለ ሌላ እጅ አይገባም።

እሳቸው ሲገቡም እንደ ደንቡ ብድግ ብዬ «ኖር!» እላለሁ። የሩጫ ጫማዬን አድርጌ፣ በሩ አጠገብ።