በየዓመቱ የሚለሰነው ስንጥቅ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን ውድነሽ እንበላት። ሥራዋ መሐል ከተማ ያለ አንድ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ማስተዳደር ነው። ሊፍቱ ቆመ ሲባል እሷ ጋ፣ ውሃ ጠፋ ሲባል እሷ ጋ።

ሕንፃው ዛሬ መስታወት ለብሰው ከቆሙት መካከል ሽማግሌ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ተጀመረ፤ ደርግ ሲገባ ቆመ፤ ቆይቶ እንደገና ተቀጥሎ አለቀ። ኋላው ባለ አሥራ ስድስት ፎቅ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ሰው የሚገባበት ዝቅ ያለ አዳራሽ ነው። ያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በሊፍቱ ሳይወጣ አይመለስም ነበር ይባላል።

ውድነሽ ሥራውን ስትረከብ አንድ ነገር አየች። ፎቁና አዳራሹ በሚገናኙበት ቦታ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሄደ ስንጥቅ አለ። እጅ ያስገባል። ከእሷ በፊት የነበሩት በሲሚንቶ ደፍነውት ሲሚንቶው ረግፏል።

ምን ታድርግ? ለአለቆቿ ብትናገር "አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው" እንዳይሏት ፈራች። ለተከራዮቹ ብትናገር ሕንፃው ባዶውን ይቀራል። ሆድ ይፍጀው አለች። ነሐሴ ሲያልቅ፣ አገር ምድሩ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ቀለም ሲቀባ፣ እሷም ግንበኛ ጠርታ አስደፈነች፣ አስለሰነች፣ አስቀባች። አማረ። ሰው ሁሉ "እንኳን አደረሰሽ" እያላት በዚያ በኩል አለፈ።

ጥር ላይ ተመልሶ ተከፈተ። በዓመቱ አስደፈነች፤ አሁንም ተከፈተ። ይባስ ብሎ አጠገቡ ያለው ዕብነ በረድ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ሲሚንቶውን ባጠነከረች ቁጥር በዕብነ በረዱ ይብሳል። ጠዋት ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት ዐይኗ ወደዚያ ግድግዳ ነው። ሰው በሊፍት ሲወጣ እያየች "ይህ ሁሉ ነፍስ በእኔ እጅ ነው" ትላለች። ይህን ተሸክሞ መኖር ኑሮ ነው?

በአዋሽ በኩል መሬት መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ ንዝረቱ አዲስ አበባም ተሰማ። ሰው ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። ማንም አልተጎዳም። ውድነሽ ግን ወደ ግድግዳዋ ሮጠች። ልስኑ ከላይ እስከ ታች ረግፎ ወለሉ ላይ ተበትኗል። በቃ፣ አበቃልኝ አለች።

በዚያ ሳምንት ጎረቤቷ እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "የት ነው የምትሠሪው ልጄ?" አሏት። ነገረቻቸው። ፊታቸው በራ።

"እሱን ሕንፃ እኮ የነደፍኩት እኔ ነኝ።"

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ይባላሉ። ውድነሽ ክው አለች። ያን ያህል ያረጀ ሕንፃ ነዳፊው በሕይወት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። በልቧ ከቀበረቻቸው ቆይታለች።

"ለመሆኑ አዳራሹና ፎቁ የሚገናኙበት ቦታ እንዴት ነው?" አሏት።

"ደህና ነው" አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሠሪው አጠገቧ ተቀምጧል። እንዴት ነው ብሎ ጠይቋታል። እሷም "ደህና ነው" አለችው።

ደግነቱ ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሡ ተከትላቸው ወጣች። ከመናገሯ በፊት እንባዋ ቀደማት።

"ጋሼ፣ ዋሸሁዎት። ሕንፃው ተሰንጥቋል። እኔ እየደፈንኩ ነው የኖርኩት። ሊወድቅ ነው መሰለኝ።"

በማግስቱ መጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ላይና ታች ዳበሱ። 

"ምነው ይህን ያህል ሲሚንቶ አጠጣችሁት?" አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "ልጄ፣ ይህ ስንጥቅ አይደለም። እኔው የተውኩት ክፍተት ነው። ረጅሙና አጭሩ እኩል አይነቃነቁም። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዳይላተሙ ብዬ ለያየኋቸው። የነሐስ ሽፋን ነበረው፤ ደርግ ሲወድቅ በግርግሩ የነቀለው ሰው ይኖራል።"

"ዕብነ በረዱስ ታዲያ?"

"እሱን የሰነጠቀው ሲሚንቶሽ ነው። መላወሻ ስትነሺው የት ይሂድ?"

ውድነሽ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እያለቀሰች ሳቀች። "እፎይ" አለች፤ የስንት ዓመት ጭንቀት ነው የወጣላት። ሲሚንቶው ተፈልፍሎ ወጣ፣ የተሰነጠቀው ዕብነ በረድ ተቀየረ፣ ክፍተቱም ሽፋኑ ተመለሰለት። መሬቱ ዳግመኛ ሲንቀጠቀጥ ከግድግዳው አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቃችሁ። "እንዴት ከረማችሁ?" ስትባሉ "ደህና" ትላላችሁ። ሰላምታው መልካም ነው። ግን ስንት ጊዜ ልስን አደረጋችሁት? አቅም የሚያጥርበት ቦታ አላችሁ። እንባ የሚመጣበት ቦታ አላችሁ። "አሁንስ ደከመኝ" የምትሉበት ቦታ አላችሁ። ስንጥቅ መስሏችሁ ትደፍኑታላችሁ። ሰንበትን ያህል ክፍተት እንኳ በሥራ ትደፍናላችሁ። ከዚያ አጠገባችሁ ያለው ሰው መሰንጠቅ ይጀምራል፤ የትዳር ጓደኛ ይከፋል፣ ልጅ ይሸሻል። "ምን ነካው?" ትላላችሁ። መላወሻ ስትነሱት የት ይሂድ?

ክፍተት ሁሉ ደህና ነው አላልኩም። ዕብነ በረዱ በእውነት ተሰንጥቆ ነበር። ክፍተቱን ከስንጥቁ ለይቶ የሚያውቀው ግን የነደፈው ነው፤ እሱም እጁን ሳያስገባ አልፈረደም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን?

ውድነሽን ያን ያህል ዓመት ያስጨነቃት ክፍተቱ አልነበረም። ሠሪው የሞተ መስሏት ነው። የእናንተ ሠሪ ሕያው ነው። አሁንም አጠገባችሁ ተቀምጦ "እንዴት ነው?" ይላችኋል። እባካችሁ፣ ዛሬ "ደህና ነው" ብላችሁት ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።