ጥያቄውን የተወው ጉድጓድ ቆፋሪ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ይመር ይባላል። ወንዝ በራቀው በዚያ ቆላ ውሃ ያለበትን አውቆ የሚቆፍር ከእሱ ሌላ አልነበረም። ይመር ግን ብቻውን አይሠራም። እሱ ከታች ሲቆፍር፣ ዳምጤ የሚባል ባልንጀራው ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። ዳምጤ በጉድጓዱ አፋፍ በተተከለው ግንድ ላይ ገመዱን ሁለት ዙር ይጠመጥምና እየለቀቀ ያወርደዋል፣ እየሳበ ያወጣዋል። እንዲህ ሲሠሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላቸው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የይመር ነፍስ የነበረችው በዳምጤ እጅ ላይ ነው።

ሙያው የራሱ ወግ ነበረው። ቆፋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ እንዳደረገ ከመውረዱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።

«አጥብቀሃል?»

«አጥብቄአለሁ።»

«አጥብቀሃል?»

«አጥብቄአለሁ።»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

ከዚያ ይወርዳል። ይህን ወግ ይመር የተማረው ከመምህሩ ነው፤ መምህሩም ከእሱ በፊት ከነበሩት። ዳምጤም ሲመልስ ኖረ እንጂ ነገሩ አንድም ቀን ከንክኖት አያውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ዳምጤ ጠላ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሥራ የፈታ አንድ ሰው፣ «ስማ ዳምጤ፣ ይመር ዛሬም በእናትህ እያለ ያስምልሃል አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረኸው ሠርተህ ገና አላመነህም ማለት ነው?» አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዳምጤም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ገባ።

ዳምጤ ድሮም ትንሽ ሆደ ባሻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ደግሞ ያለፈውን ሁሉ እያነሳ ይመረምር ጀመር። ይመር አምና አዲስ ገመድ ሲገዛ ለምን አላማከረኝም? እኔ ያሰርኩትን ቋጠሮ ትናንት ለምን ነካካው? ሠርግ ቤት ከእኔ በፊት ወንድሜን ሰላም ያለው ሳያየኝ ቀርቶ ነው ወይስ አይቶኝ? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ። ዳምጤ ገንፎውን ትቶ ስንጥሩን ሲፈልግ ሰነበተ፤ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አያጣም።

በሳምንቱ ሥራ ላይ ይመር እንደ ልማዱ «በእናትህ?» ሲለው ዳምጤ አልመለሰም።

«ምነው?» አለ ይመር ዞር ብሎ።

«እስከ መቼ ነው በእናቴ የምታስምለኝ? እኔ ወንጀለኛ ነኝ?»

«ኧረ ዳምጤ፣ ወጉ ነው እኮ። አንተን ጠርጥሬ መሰለህ?»

«ካልጠረጠርክ ለምን ትጠይቃለህ?»

ይመር ባልንጀራውን ማስቀየም አልፈለገምና መሐላውን ተወው፤ «አጥብቀሃል?» ብቻ አንዴ ይል ጀመር። ዳምጤ አሁን ደግሞ ድምፁን መመርመር ያዘ። ዛሬ ቆጣ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ዛሬስ በአሽሙር ነው። ምሳ ሲቀርብ «በልቻለሁ» እያለ ፊቱን ያዞራል። ያኮረፈ ምሳው እራት ይሆነዋል እንዲሉ፣ ሆዱ እየጮኸ ይውላል። ይመርም ጨነቀውና ጥያቄውን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ከመውረዱ በፊት ዞር ብሎ ማየት ብቻ ቀረው። ዳምጤ «ምን ያስገላምጥሃል?» አለው። ይመር ማየቱንም ተወ።

አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ልጆቼ፣ ጥሪያችሁን ካልሰማሁ ሰነበትኩ። ወጉን ምን በላው?»

«አባቴ፣ አሁንማ ተከባብረናል» አለ ዳምጤ።

ሽማግሌው አንገቱን የደፋውን ይመርን አዩት። «እኔስ መከባበር አልመሰለኝም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዳምጤ እሳቸውንም ጠረጠረ። ይመር ልኳቸው ይሆናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ።

ጉድጓዱ አሥራ ስምንት ክንድ ደርሶ አፈሩ መራስ በጀመረበት ቀን፣ ይመር ምሳውን በልቶ ሊወርድ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ዳምጤ ግንዱ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ተደራርቦ አገኘውና ሊያስተካክለው ፈታው። «ቆይ» ማለት ነበረበት። ግን ሳይነጋገሩ መሥራት ለምደዋል። ይመርም ፊቱን ወደ ጉድጓዱ እንዳደረገ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይዞር፣ ወረደ።

ገመዱ በዳምጤ መዳፍ ውስጥ እንደ እሳት እየለበለበ አለፈ። ጨምድዶ ያዘው፤ ሲይዘው ግን ይመር መሬት ደርሷል።

የመንደሩ ሰው ተጠራርቶ አወጣው። በሕይወት ተርፏል፤ ዳሌው ግን ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ይመር በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሆነ እንጂ ጉድጓድ አልወረደም። ያን ቀን ሲያወጡት ዳምጤ የተላጠ እጁን እንደያዘ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ምነው ሳትጠይቀኝ ወረድክ?» አለው እያለቀሰ።

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለ ይመር። «እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው የተውኩት።»

ዳምጤ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው የሚል ነበር። ቀና ብሎ የባልንጀራውን ፊት አየ። ነቀፋ ፈለገበት፤ አላገኘም። ይመር የተናገረው እውነቱን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዳምጤ በገዛ ልቡ አፈረ፤ እንዲያ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት አያውቅም።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ሲሰድቡን ዝም እንበል?» ይል ይሆናል። እንዲያ አላልኩም። ስድብ ስድብ ነው፤ አሽሙረኛም አገሩን ሞልቶታል። ነገር ግን ዛሬ ዛሬ «ከሳህ» ሲሉን «ተቸገርክ ማለቱ ነው» እንላለን። በስልክ «እሺ» ብቻ ብሎ የመለሰልንን ወዳጅ ምን አጠፋሁ ብለን ሳይሆን ምን ንቆኝ ነው ብለን እናብሰለስለዋለን። ቅያሜያችንን የሚፈራው ደግሞ የሚወደን ሰው ነው። የማይወደንማ ብንቀየመው ምን ገዶት? ስለዚህ በትንሽ በትልቁ የሚቀየም ሰው ተሳዳቢዎቹን ዝም አያሰኝም፤ ዝም የሚያሰኘው የሚያስቡለትን ነው።

እስቲ አጠገብህ ያለውን ሰው አስበው። ድሮ ይጠይቅህ የነበረውን ዛሬ የማይጠይቅህ፣ እውነት ስላመነህ ነው?