ረግረጉን ያሻግር የነበረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የቡድሃን መንገድ ሊከተል ቆርጦ ከቤቱ የወጣ፣ ከወጣ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ ቴራቫዳ የሚባሉት ዘንድ ደረሰ። እነሱም፣ ቡድሃ እንደ እኛ ሰው ነበር፤ ነቅቶ፣ አስተምሮ ሞተ፤ አይመለስም፤ የተወልን ቃሉን ነውና ቃሉን ጠብቅ አሉት። ወደ ምሥራቅ ሄዶ ማሃያና የሚባሉትን ሲጠይቅ፣ ሞተ ያለህ ማነው፣ ሞቱም ለእኛ ብሎ ያሳየን ነገር ነው፤ ዛሬም ለሚሠቃየው ሁሉ ይራራል፤ አንተም ብቻዬን ልዳን አትበል አሉት። ተራራ ላይ ያሉት ቫጅራያናዎች ደግሞ፣ ያም ያም ልክ ነው፣ ላንተ ግን ቡድሃ የሚገለጥልህ በመምህርህ ነው፤ አጭሩን መንገድ ከእጁ ተቀበል አሉት።

ሰውዬው የሰማውን ሁሉ አመነ፤ ችግሩም ይኸው ነበር። አንዱን ብጀምር ሌላው ይቀርብኛል እያለ አንዱንም ሳይጀምር ፀጉሩ ሸበተ። ጥሏት የወጣት ሕፃን ልጁ አድጋ ማግባቷን ከመንገደኛ ሰማ። ያን ቀን አለቀሰ።

በመጨረሻ አንድ ያረጁ መነኩሴ ዘንድ ደረሰ። መነኩሴው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅሙ ነበር።

«አባ፣ ደክሞኛል» አላቸው። «ቡድሃ ማነው? የሞተ ሰው ነው? የማይሞት ነው? ወይስ መምህሬ ነው? ይህችን አንዲት ነገር ቁርጡን ይንገሩኝና ልጀምር፤ ካልሆነም ወደ ቤቴ ልመለስ።»

መነኩሴው ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቁ እሳቸውም አያውቁትም። በረጅሙ ተነፈሱና እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ አሻጋሪ ነበረ። በሁለት አገር መካከል ሰፊ ረግረግ ነበር፤ ዞሮ ለመሄድ ስድስት ቀን ይፈጃል፣ በመካከሉ ልለፍ ያለውን ደግሞ ጭቃው ይውጠዋል። ይህ ሰው ስንት ጊዜ እየሰመጠ፣ ስንት ጊዜ እየወጣ የሚረገጠውን ቦታ አገኘ። ካገኘ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሻግር ኖረ። ክረምት በወጣ ቁጥር ጭቃው ቦታ ስለሚቀይር፣ ረግረጉን በዘንግ እየወጋ ችካሎቹን እንደ አዲስ ይተክላል። ሰው አዝሎ አያሻግርም፤ ዘንጉን ለተሻጋሪው ይሰጥና ከጎኑ ይሄዳል። ስለ ራሱ ሲጠይቁት «እግርህን እይ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም።

ሦስት ደቀ መዛሙርት ትቶ ሞተ። ታላቁ፣ አሻጋሪው የተናገረውን አንድም ሳያስቀር የያዘ ነበርና «ሰውዬው ሞቷል፤ ያለን የነገረን ነው» ይላል። መካከለኛው «የት ሞተ? እዚያ ጭቃ ውስጥ ለሚጠራው ሁሉ ይደርሳል፤ እኔም ሰው ሁሉ ሳይሻገር ማዶ ሄጄ አላርፍም» ይላል። ታናሹን አሻጋሪው በመጨረሻ ዘመኑ እጁን ይዞ ነበር ያስተማረው፤ እሱም «በቃል የማይነገር አረማመድ አለ፤ እጅህን የያዘህ ሰው ላንተ አሻጋሪው ራሱ ነው» ይላል።

መጀመሪያ ይህ አላጣላቸውም፤ እየተጋገዙ ያሻግሩ ነበር። ኋላ ግን የሚመጣው ሰው «የማንን ልከተል?» እያለ ሲያስቸግራቸው አንድ ደንብ አወጡ። ማንም ሰው ሦስቱንም ሳይሰማና አንዱን ሳይመርጥ ረግረጉ ውስጥ እንዳይገባ። ደንቡን ያወጡት በቅንነት ነው፤ የማንም ነገር ሳይሰማ እንዳይቀር ብለው። መስሚያ ዳስ ጣሉ፣ አግዳሚ አኖሩ። የአሻጋሪውንም ዘንግ ምሰሶው ላይ በክብር ሰቀሉት። ሰዉ እየመጣ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲናገር ይውላል፣ ሌላው በማግስቱ ይመልስለታል፣ ስንቅ ያልቃል፣ ሰዉም ወደመጣበት ይመለሳል። አንዳንዱማ ማዶ ምን ጉዳይ እንደነበረው እስኪረሳ ቆይቶ እዚያው ጎጆ ቀልሶ ቀረ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ልጇ ማዶ ካለው አገር አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ «እማዬ ድረሽልኝ፣ ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም» ብላ ልካባታለች። እናት ለአራስ የሚሆን የገንፎ ዱቄትና ቅቤ በጀርባዋ አዝላ ሁለት ቀን ተጉዛለች። እግሯ አብጧል። ዳሱ ሥር ያለውን አግዳሚ ስታይ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም አፈረች፤ ከተቀመጠች መነሣት እንደሚከብዳት ታውቃለች።

«እናታችን፣ አረፍ በይ» አሏት። «መጀመሪያ ስሚን፤ ደንብ ነው።»

ተቀመጠች። ታላቁ ሲናገር እውነቱን ነው አለች በልቧ። መካከለኛው ሲናገር እንባዋ መጣ። ታናሹ ሲናገር ደግሞ ለካ ይኼም አለ አለች። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አዘቀዘቀች። ሦስቱም ሲጨርሱ ዞር ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ማንን መረጥሽ?»

ሴትዮዋ ለመምረጥ ሞከረች። የሰማችው ሁሉ ግን ተደበላልቆባታል፤ ጥርት ብሎ የቀራት ልጇ ብቻዋን ስታምጥ የሚታያት ነገር ነው። «ወንድሞቼ» አለች፣ «ሦስታችሁም ደጋግ ሰዎች ናችሁ። እኔ ግን የምመርጥበት አቅም የለኝም።» ብላ ተነሣች። ከምሰሶው ላይ ዘንጉን አወረደችና ረግረጉ ውስጥ ገባች።

ሦስቱም ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ድፍረት አይተው አያውቁም፤ ሊቆጧት ነበር። ጭቃው ከጉልበቷ በላይ ሲያልፍ ግን ቁጣው ጠፋቸው።

«ከችካሉ በስተግራ!» ብሎ ጮኸ ታላቁ። «አንዱ እግርሽ ሳይረግጥ ሌላውን አታንሺ! ዘንጉ ካልቆመልሽ አትርገጪ!» አሻጋሪው የተናገረውን ነው እንዳለ የነገራት። ዳሱ ውስጥም ይህንኑ ነግሯት ነበር፤ ያኔ ግን የሌላ ሰው ነገር መስሏት ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል እግሯ ሥር ገባላት።

ሦስት ክረምት የተከላቸው ሰው የለምና መካከል ላይ ችካሎቹ ጠፉ። እዚያ ልቧ ከዳት። «በቃኝ፣ አልችልም» ብላ ቆመች፤ ጭቃ ውስጥ የቆመ ደግሞ ይሰምጣል። መካከለኛው ከነልብሱ ዘሎ ገባ። ከኋላዋ ደርሶ የተሸከመችውን ተቀበላትና «አለሁልሽ፤ እሱም አብሮን ነው፤ ጥሎሽ አይሄድም» አላት። እውነት ይሁን አይሁን የምትመረምርበት ጊዜ አልነበራትም። እግሯን ግን አነሣች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ክፉ ማጥ ነበር፤ ምክርም ማጽናኛም የማይበቃው። ታናሹ አልፏት ሄደና እጇን ያዘ። አንዲት ቃል አልተናገረም። እሱ ሲረግጥ እየረገጠች፣ እሱ እግሩን ሲያነሣ እያነሣች፣ ከማዶው ዳር ወጣች።

ዞር ብላ ብታይ ታላቁም አለ፤ እየጮኸ ሳያውቀው እስከ ደረቱ ገብቶ ተከትሏት ኖሯል። ሦስቱ ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ማዶ ከተሻገሩ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

ሴትዮዋ ዘንጉን መለሰችና አመስግናቸው ሄደች። የቱን አሻጋሪ፣ የቱን ደቀ መዝሙር እንዳመሰገነች አልተናገረችም፤ ቸኩላለች። ስትደርስ ልጇ ገና አልወለደችም ነበር።

መነኩሴው ባቄላውን ወደ ጎን አደረጉና ሰውዬውን አዩት።

«ልጄ፣ ረግረጉ ይሄ የምንኖርበት መከራ ነው። አሻጋሪው ቡድሃ ነው። ታላቁ የደቡቦቹ ነው፣ መካከለኛው የምሥራቆቹ፣ ታናሹ የተራራዎቹ። ዳሱ ውስጥ ተቀምጠህ ስትሰማቸው ቃላቸው እርስ በርሱ ይጣላል። ላስታርቃቸው ብትልም አትችልም፤ እኔ ሞክሬ ደክሞኛል። የሚናገሩት ጭቃ ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ዓመት አግዳሚው ላይ ነህ። ይህን ያልኩህ ልሰድብህ ብዬ አይደለም።»

ሰውዬውም፣ «ታዲያ በየት በኩል ልግባ?» አለ።

«መጀመሪያ የሄድከው የት ነበር?»

«ደቡብ።»

«ምን አድርግ አሉህ?»

«ማለዳ ማለዳ ተቀምጠህ እስትንፋስህን ተከታተል አሉኝ።»

«ስንት ቀን ተቀመጥክ?»

ሰውዬው መሬት መሬቱን አየ። «ሌሎቹን ሳልሰማ ብጀምር እሳሳታለሁ ብዬ . . .» አለና ተወው።

«እንግዲያው ነገ ማለዳ ተቀመጥ» አሉት መነኩሴው። «ልብህ ሲከዳህ የምሥራቆቹ ያሉህ ትዝ ይልሃል። ማጡ ላይ ስትደርስ እጅህን የሚይዝህ ሰው ራስህ ትፈልጋለህ፤ ማንም አይነግርህም። ቡድሃ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ መጥተህ አንተ ትነግረኛለህ። እኔ አሁን ያልነገርኩህ ደብቄህ አይደለም። ከገባሁ አርባ ዓመቴ ነው፤ ገና ጉልበቴ ድረስ ነኝ።»