ቄሱ የተዉት ስኳር

አንድ ቄስ ነበሩ። ወፍራም ቄስ። ስለ ስኳሩ የጠየቅሽኝን የረሳሁ እንዳይመስልሽ፣ አስካለ። «ስኳር ትቼ ማጣፈጫ ፍሬ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሞላኝ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ወደ ስኳሬ ልመለስ ወይስ በፍሬው ልቀጥል?» ነው ያልሽኝ። መልሱ የሚመጣው ከኚህ ቄስ ጋር ስለሆነ እስኪደርሱ ታገሺኝ፤ ደረጃ ሲወርዱ ቀስ ይላሉ።

የቄሱ ደብር ኮረብታ ላይ ነው። ጥምቀተ ባሕሩ ከታች፣ ወንዙ ዳር ነው። በመካከላቸው ሰባ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። ቄሱ በየዓመቱ በከተራ ዕለት ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይህን ደረጃ ይወርዱታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይወጡታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርገዋል። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ አይፈልጉምም ነበር። ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በልቡ የሚይዘው አንድ ቀን አለው፤ የእሳቸው ቀን ያ ነበር።

በዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። አንድ ጠዋት ባዶ እጃቸውን ወደ ወንዙ ሲወርዱ አሥረኛው ደረጃ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ቁጥቋጦ ይዘው ነው የተረፉት። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ወጣቷ ሐኪም ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ መቶ አራት ኪሎ ሆኑ። ጉልበታቸውን እያገላበጠች አየችና ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይህ ጉልበት እርስዎን መሸከም ራሱ ከብዶታል። እስከ ጥምቀት ጥቂት ኪሎ ካልቀነሱ ደረጃው ላይ ይከዳዎታል። ያን ጊዜ የሚወድቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

ቄሱ ክው አሉ። ታቦቱ ከራሳቸው ላይ ሲወድቅ በዓይናቸው ታያቸውና አማተቡ።

ሐኪሟ ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው። «ምን እበላለሁ ልጄ፣ እኔ ጾመኛ ሰው» አሉ። ሻያቸውን ስትጠይቅ ግን ነገሩ ወጣ። በአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ። «እንግዲህ ስኳሩን ይተዉ፤ ምግቡንም ይቀንሱ» አለቻቸው። ቄሱ የመጀመሪያውን በደንብ ሰሙ። ለሁለተኛው ጆሯቸውን አላዋሱትም።

ከተማ ያለችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ዕቃ ላከችላቸው። ውስጧ ከምስር የማይበልጡ ነጫጭ ፍሬዎች ሞልተዋል። ስኳር አይደሉም፤ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ አንዷ ለአንድ ብርጭቆ ትበቃለች። ቄሱ መጀመሪያ የጠየቁት ያወፍራል ወይ ብለው አይደለም። «ለጾም ይሆናል ወይ?» ብለው ነው። ልጅቱ ከእንስሳ የተገኘ ነገር እንደሌለበት በስልክ አረጋገጠችላቸው። አንዷን ጣል አድርገው ሻዩን ቀመሱት። ጣፈጣቸው። ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳር የሚባል ነገር አልነኩም። ይህን ልብ በይልኝ፤ በቀን አሥራ ሁለት ማንኪያ ስኳር መተው ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬዋ ሥራዋን ሠርታለች። ነገሩን ያበላሹት ራሳቸው ቄሱ ናቸው።

የቄስ ሥራ ከቤት ቤት ነው፤ ዛሬ ዝክር፣ ነገ ክርስትና፣ ከነገ ወዲያ ሙት ዓመት። በየቤቱ ከላይ ይቀመጣሉ፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ከዚያ ጉርሻው ይጀመራል። ለቄስ ማጉረስ በረከት አይደለም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀድሞ ግን ቄሱ ልጓም ነበራቸው፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ «በቃኝ፣ ይስጥልኝ» ብለው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። አሁን አፋቸው አዲስ ቃል ለመደ።

«አባ፣ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!»

«እሺ፣ አምጪው። ስኳር እንደሆነ ትቻለሁ።»

ሰዉም ይህን ሲሰማ ያደንቃቸዋል። ስኳር ተዉ እኮ፣ ምን ዓይነት ጽናት ነው ይላል። ለጽናታቸውም የሚቀጥለውን ጉርሻ ያገዝፍላቸዋል።

ሻዩም ሦስት መሆኑ ቀርቶ ስድስት ሆነ። ውሃ ነው፣ ምን ይለኛል አሉ። ሻይ ደግሞ ብቻውን አይጠጣም፤ ዳቦ ይፈልጋል። አንዷ ፍሬ ሁለት ሆነች። ምላሳቸው ጣፋጭ ቀረብኝ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ቀድሞ ከለመደው በላይ ይጠይቅ ጀመር።

በጥቅምት መጨረሻ ሚዛን ላይ ወጡ፤ መቶ አምስት። ኅዳር ሲጋመስ መቶ ስድስት። ሐኪሟ ግራ ገባት። «ስኳር በአፌ ዞሮ አያውቅም» ብለው ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ሚዛኑን ወቀሱ። ቀጥሎ ፍሬዋን ወቀሱ። «ይቺ ሰው የሠራት ነገር ናት ሆዴ ውስጥ ገብታ የምትነፋኝ፤ ስኳሩ ቢያንስ የማውቀው ነው» አሉ። ይህ ነገር ካንቺ አፍ የወጣ አይመስልሽም?

በዚያው ሳምንት የደብሩ አስተዳዳሪ አስጠሯቸው። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚሉትን ግን ያደርጋሉ። «የገና ማግስት ይህን ደረጃ ሳይደገፉ ወርደው፣ ሳያርፉ ወጥተው ያሳዩኝ። ካቃተዎት ዘንድሮ ታቦቱን ወጣቱ ቄስ ይይዛል። አይቀየሙኝ» አሏቸው። ቄሱ ሊቀየሙ አልቻሉም። በእሳቸው ቦታ ቢሆኑ እሳቸውም ይህንኑ ይሉ ነበር። ቤታቸው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ሚስታቸው አየች። 

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ተራው የእነሱ ቤት ደረሰ። ወሩ የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቀረበ፤ ድፎ ዳቦውም ተቆረሰ። ቄሱ ከማኅበርተኛው መካከል ተቀምጠው አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ያጎርሳቸዋል። ሚስታቸው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶ ትሪ አስቀምጣለች። ባሏ ቀድሞ «በቃኝ» ይሉበት የነበረውን ሦስተኛውን ጉርሻ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ «ስኳር ትቻለሁ» ባሉ ቁጥር፣ ከዚያው ምግብ፣ በዚያው ልክ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ትሪው ላይ ታኖራለች። ዳቦ ሲጨመርላቸው ዳቦ፣ ቆሎ ሲዘገንላቸው ቆሎ።

ልታግዛት የመጣች ጎረቤቷ ይህን አይታ ደነገጠች። «አንቺ፣ ደህና ነሽ? ምን እየሠራሽ ነው?»

«የቄሱን ስኳር እየሰፈርኩ» አለች።

ማኅበርተኛው መርቆ፣ ተመራርቆ ተበተነ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቄሱ ቀበቷቸውን አላልተው ሲቀመጡ ሚስታቸው ትሪውን ይዛ መጣችና ፊታቸው አስቀመጠችው። ከጎኑ ስኳር ያለበት ሲኒ አኖረች።

«ደግሞ እንግዳ አለ እንዴ?» አሉ።

«እንግዳ የለም፣ አባ። ይህ እርስዎ ዛሬ የበሉት ነው።»

«እንዴት የበላሁት? ይኸው ትሪው ላይ!»

«ከጠገቡ በኋላ የበሉትን ያህል ነው። ስኳር ትቻለሁ ባሉ ቁጥር አንድ አንድ እያደረግሁ አስቀመጥኩ። ይህ ሲኒ ደግሞ ዛሬ የተዉት ስኳር ነው። ሁለቱንም ይዩልኝ ብዬ ነው።»

ቄሱ አዩ። ትሪው ላይ ቡጢ ቡጢ የሚያህሉ ዘጠኝ ጉርሻዎች ተደርድረዋል። አምስት ቁራሽ ድፎ አለ። አንድ ጥግ ላይ ሦስት እፍኝ ቆሎ ተከምሯል። ሲኒው ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ሲኒውን ሞልቶ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል። ትሪውን አዩ፣ ሲኒውን አዩ፣ ተመልሰው ትሪውን አዩ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም።

«ያቺ ፍሬ ናት እያልኩ...» አሉ በቀስታ።

«ፍሬዋ ምን አደረገችዎት? ስኳሩን አላስበላችዎትም፤ ይኸው ሲኒው ውስጥ ነው። ትሪውን ያስበላዎት ስኳር ትቻለሁ ማለትዎ ነው።»

 ቄሱ ተነሡ፤ ትሪውን ሚስታቸው እንድትይዝላቸው እንኳ አልፈቀዱም። እያነከሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወሰዱት፤ እዚያ ለተቀመጡት ነዳያን በእጃቸው አደሉት። ለአንዷ ሰጡ፣ ለሁለተኛው ሰጡ፣ ሦስተኛው ጋ ደረሱ፤ ትሪው አላልቅ አለ። ስድስት ሰው በላ። ስድስቱም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው አመሰገኑ። ቄሱ ባዶ ትሪ ይዘው እዚያው ቆሙ፤ ለስድስት ሰው የሚበቃውን ምግብ፣ ያውም በጾም፣ ከጥጋብ በላይ ለብቻቸው እንደበሉ ገባቸው። አፈሩ። ደግ እፍረት ነበር፤ ሰውን የሚያነሣ ዓይነት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ ብልሽ ዋሸሁ። በየቤቱ አንድ ጉርሻ ብቻ ይቀበሉ ጀመር፤ ያንንም ከቤቱ ታላቅ ሰው እጅ። «በረከቱ በዚህች ሞልቷል» ይላሉ፣ ከፊታቸው ያለውን በልክ በልተው ይነሣሉ። የተቀየማቸው ሰው አለ። አንዲት ሴትዮማ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሥታቸዋለች። ቄሱ ቻሉት። ሻዩን ወደ ሦስት መለሱት። ፍሬዋን ከሁለት ወደ አንድ፣ ከዚያም ለጠዋቱ ብቻ አደረጓት። ማታ ማታ ባዶውን ሻይ ሲጠጡ መጀመሪያ የዕቃ እጣቢ መሰላቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የቀረፋውና የቅርንፉዱ ጣዕም ይለያቸው ጀመር። ሚስታቸው የጠዋቷን ፍሬ ለምን እንዳልተዉ ስትጠይቃቸው፣ «እሷን የምጠጣት ደስ ስለምትለኝ ነው፤ ታከሳኛለች ብዬ አይደለም» አሏት። ከዚህ የተሻለ መልስ ከሐኪምም አልሰማሁም።

የገና ማግስት ሚዛኑ መቶ ኪሎ አለ። ስድስት ኪሎ ብቻ ነው የሄደው። ቄሱ አሁንም ወፍራም ናቸው። አስተዳዳሪው ከላይ ቆመው ሲያዩ ደረጃውን ወረዱ፤ ሃያኛው ላይ ጉልበታቸው አመማቸው፣ ግን አልከዳቸውም። ወንዙን ነክተው ተመለሱ። ላባቸው እስከ ጫማቸው እየወረደ፣ አንድም ቦታ ሳይቆሙ ሰባ ሁለቱን ወጡ። አስተዳዳሪው እጃቸውን ዘርግተው ሳቧቸውና «ለከተራ ይዘጋጁ» አሏቸው።

በከተራ ዕለት ታቦቱ በራሳቸው ላይ ሆኖ፣ ጥላው ተዘርግቶ፣ ዲያቆናቱ ከፊት እያጠኑ፣ ቄሱ እግራቸውን አንድ በአንድ እያሳረፉ ወረዱ። ሚስታቸው ከሴቶቹ መካከል ሆና ከሁሉ ቀድማ እልል አለች። ሃያ ዓመት ሞላላቸው።

እንግዲህ አስካለ፣ ቄሱ አንቺ ነሽ። ደረጃውም ያንቺው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤትሽ ስትወጪ ሁለት ቦታ ቆመሽ ስትተነፍሺ አይቻለሁ። ፍሬዋ ያቺው ፍሬ ናት፤ ስኳሩን ከብርጭቆሽ ታስቀርልሻለች፤ ከዚያ ወዲያ ሥልጣን የላትም። ትሪውም አለሽ፤ እኔ ማኪያቶዬን ያለ ስኳር ነው የጠጣሁት እያልሽ አስር ሰዓት ላይ የምትገዢው ቦምቦሊኖ፣ እራት ላይ የምትጨምሪው ጭልፋ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ስኳርሽ አትመለሺ። ትሪው እንዳለ ሆኖ ስኳሩን ብትመልሺበት ሁለቱንም በላሽ ማለት ነው። ፍሬዋን ደስ ካለሽ ያዣት፣ ምላስሽንም ቀስ በቀስ ትንሽ ጣፋጭ እንዲበቃው አስተምሪው። ግን ትቻለሁ የምትዪውን ቃል ካፍሽ አጥፊው፤ ያወፈረሽ እሱ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጪ ስንት ኪሎ እንደሆንሽ አልጠይቅሽም። ሳምንቱን ሙሉ፣ ከጠገብሽ በኋላ የምትበዪውን ሁሉ፣ ሳትበዪው፣ ለሰው ስጪና ስንት ሰው እንደጠገበ ንገሪኝ።