ከክርን በላይ የቀረው ሽታ

ግንብ በከበባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ አዛን ከሚናራው ሲወርድ የአበባ መዓዛ ከየግቢው ወጥቶ የሚቀበለው በሚመስልባት፣ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ ሽቶ ቀማሚ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከዱንያ የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ካዕባን በዓይናቸው ማየት።

አንድ ረፋድ የሑጃጆች ጉዞ መሪ የሆነው ነጋዴ አብዱልዋሴ ከሱቃቸው ደረሰ።

"ሼሃችን፣ ወደቡ ላይ ልጄን ድሬ ነው ባሕሩን የምሻገረው። ለሠርጓ የሚሆን ሽቶ ይስጡኝ፤ እኔ ደግሞ መካ ድረስ ይዤዎት እሄዳለሁ። ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን።"

ሽማግሌው ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። ቀምመው አርባ ቀን ያሳረፉትን ብልቃጥ አወጡ። የመጀመሪያ ሽታው የኮክና የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ ከሙሽራ ቀድመው እንደሚሮጡ ሕፃናት ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ ያልፋል። ቀጥሎ ጠምበለልና ጽጌረዳ ከገላ ሙቀት ውስጥ ቀስ ብለው ይፈካሉ። እነርሱም ሲርቁ ሰንደልና ሚስክ ይቀራሉ፤ እስከ ማታ ከሰው ጋር የሚያመሹት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሽቶ የሚፈተነው በእጅ አንጓ ላይ ተቀብቶ፣ ተጠብቆ ነው። አንጓ ማለቴ ስህተት ነው፤ አንጓንማ ከሰላት በፊት የሚታጠቡት የውዱእ ውሃ ያጥበዋል። የዚያች ከተማ ቀማሚዎች የሚቀቡት ውሃው ከማይደርስበት፣ ከክርን በላይ ነበር።

ሼሁ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንደ ልማዳቸው ቀቡ። ነጋዴው ግን ቸኩሎ አንጓው ላይ አፈሰሰው።

"ከክርን በላይ ነው፣ ልጄ።"

"አባባ፣ ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም!" ብሎ ሳቀ። አሽትቶም ዓይኑን ጨፈነ። "ሱብሐነላህ! የአትክልት ስፍራ እኮ ነው።"

የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ደርሶ አብረው ወደ መስጊድ ሄዱ። ነጋዴው ውዱእ ሲያደርግ ሽቶው ከአንጓው ታጥቦ ሄደ።

ሼሁ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ፣ ከገዛ ክንዳቸው እንደ ሻገተ ለውዝ ያለ ሽታ መጣባቸው። የሰንደሉ ዘይት ተበላሽቷል። ይህንን ከአላህና ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ያ ሱጁድ ረዘመ፤ ኢማሙስ እንደ ወትሯቸው ነው ያሰገዱት፣ የረዘመው ለሼሁ ብቻ ነበር።

ከሰላት በኋላ ነጋዴው አንጓውን አሸተተ። "ምንም ክፉ ሽታ አልተወም። ያሽጉልኝ፤ ጓዝዎንም ያሰናዱ።"

ሼሁ ወደ ሱቃቸው አመሩ። ነጭ ሸራ የወጠረ መርከብ ታያቸው፤ ከማዶው ጥቁር የለበሰው ቤት። ከሱቃቸው ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ይህን አሽትት።"

የነጋዴው ፊት ተቋጠረ። "ይህ ያው ሽቶ ነው?"

"ያው ነው። ጠዋት አላወቅሁም ነበር። ልጅህ ባሏ ቤት ስትገባ የምትሸተው ይህንን ነው።"

"ዝም ቢሉ እኮ ነገ ከእኔ ጋር ነበሩ!"

"አዎን፣ ነበርኩ።"

ነጋዴው ትከሻቸውን ስሞ ሄደ። ሽቶውን ከሌላ ቀማሚ ወሰደ፤ የጉዞውም ቦታ ለዚያ ሰው ሆነ።

በማግስቱ የነጋዴው ግመሎች ከከተማዋ በር ሲወጡ የሼሁ ባለቤት ሩቂያ ከመስኮቱ አልራቁም። "እጅጌዎን ባይሰበስቡ ምን ነበረበት? አንጓው ላይ ይቀባ ያሉት እርስዎ አይደሉም!"

ሼህ ጀውሃር ከግመሎቹ ኋላ የተነሳውን አቧራ እያዩ መለሱ።

"ሩቂያ፣ ለሐጅ ነጩን ኢህራም የታጠቀ ሰው ሽቶ አይቀባም። እዚያ ስደርስ ይህንን በምን ልሸፍነው ነበር?"

ወገኖቼ፣ እኛ ሰውን የምንመዝነው በመጀመሪያው ሽታ ነው፤ ሳንጠብቀውም እናልፋለን። እኒህ ሰው ግን ውሃ የማይደርስበትን ቦታ የሚያይ ጌታ እንዳለ አልዘነጉም፤ በቤቱ ፊት ንጹሕ ሆነው ለመቆም ሲሉ የቤቱን መንገድ ራሱን ተዉት። ካዕባን ሳያዩ ሞቱ ይባላል። የካዕባው ጌታ ግን ያን ዕለት ከሱቃቸው ደጃፍ አይቷቸዋል።