የጋርዴኒያዋ «በቃኝ»

ተረት አለኝ፤ «አምጪው» በሉኝ።

በአንድ ጓሮ ለጋስ አመድ ነበር። በየማለዳው ከምድጃ እየወጣ ጎመኑን ያበላው ነበር፤ ጎመኑም ወፈረ።

አንድ ቀን ነጭ አበባ የምታወጣ ጋርዴኒያ ከነእንቡጧ ከጎመኑ አጠገብ ተተከለች። አመድም ወዲያው እፍኝ ሙሉ ይዞላት መጣ።

«በቃኝ፤ ውሃ ጠጥቻለሁ። አመድ ደግሞ አይስማማኝም» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ይላል። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብሎ ግንዷ ሥር አፈሰሰላት።

በሳምንቱ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ።

«ይኸው፣ ስትግደረደር በረሃብ ገረጣች» አለና ለጎመኑ ያመጣውን ሁሉ ጨመረላት።

እንቡጦቿ ሳይፈኩ ረገፉ፤ እሷም ደረቀች።

አመድ ዛሬም ጎመኑን ሲያበላ ያቺን እንግዳ ያነሳል። «ምነው ያኔ ጠበቅ አድርጌ በለመንኳት ኖሮ» ይላል።